ከሹሙ ጢም ይልቅ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፦ የፖለቲካ ስላቅ በኮሜዲ ፊልም

የሩሲያ የባህል ሚኒስቴር «የስታሊን ሞት» የተባለውን ኮሜዲ ፊልም የማሳያ ፈቃድ የሰረዘው በጃንዋሪ 2018፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን አዋጅ ሲቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ስታሊን ከሞተ ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ፊልሙ ውስጥም ቢሆን ብዙ አይታይም፤ ታሪኩ ገና ሳይሞቅ ወለል ላይ ተዘርሮ ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ ሬሳ ነው። ታዲያ በአንድ ሬሳ ዙሪያ የተሠራ ቀልድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትን እንዲህ የሚያስበረግገው ለምንድን ነው?

መልሱ ፊልሙ የሚሳለቀው በማን እንደሆነ ሲታይ ይገኛል። ዳይሬክተሩ አርማንዶ ኢያኑቺ የሟቹን ጢም ትቶ የተረፉትን ሰዎች ስብሰባ ነው የያዘው። የስታሊን የቅርብ ሹሞች የነበሩት እነ ክሩሽቼቭ፣ ቤሪያ፣ ማሌንኮቭና ሞሎቶቭ ጠረጴዛ ከበው ድምፅ ሲሰጡ ዓይናቸው አጀንዳው ላይ አይደለም፣ የጎረቤታቸው እጅ ላይ ነው። አንዱ ክንዱን እስከ ግማሽ ያነሣል፣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ሌሎቹ ሲያነሡ እሱም ይጨርሳል። ውሳኔው «በሙሉ ድምፅ» ይጸድቃል። ይህን ለመረዳት የሶቭየት ታሪክ ማንበብ አያስፈልግም፤ ግምገማ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ሞስኮን ያስቆጣትም ይኸው ይመስለኛል።

የፖለቲካ ኮሜዲ ፊልም የሚሠራ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጡ አይቀርም። ወይ የባለሥልጣኑን መልክ ይዞ ይነሣል፦ አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ቦርጩን። ወይ ደግሞ ሥልጣኑ የሚሠራበትን መንገድ ይይዛል፦ ፊርማውን፣ ሪፖርቱን፣ ወረፋውን፣ ስልኩን፣ ፍርሃቱን። የመጀመሪያው ቶሎ ያስቃል፤ ሰውየው ከወንበሩ ሲወርድ ግን ቀልዱም አብሮት ይወርዳል። ሁለተኛው ለመጻፍ ይከብዳል፣ ጥናትም ይጠይቃል። ሹም ሲቀያየር ግን አያረጅም።

የዚሁ ፊልም መክፈቻ ትዕይንት ለስክሪፕት ጸሐፊዎች እንደ መማሪያ ነው። የሞስኮ ሬዲዮ የሞዛርትን የፒያኖ ኮንቸርቶ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። ስልክ ይጮኻል፤ ስታሊን ቅጂውን ፈልጓል። ቅጂ የለም፣ ማንም አልቀዳውም። የስርጭቱ ኃላፊ በሮቹን አዘግቶ ሙዚቃው እንደገና እንዲጫወት ያዝዛል። ታዳሚው ግን በከፊል ወጥቷል፣ አዳራሹ ከጎደለ ድምፁ ያስተጋባል፤ ስለዚህ ከመንገድ ሰው ተለቅሞ ይሞላል። የኦርኬስትራው መሪ ወድቆ ራሱን ይስታል። ምትክ ፍለጋ ሰው ይላካል። ምትኩ በሚኖርበት ሕንፃ ደግሞ በዚያው ሌሊት የጸጥታ ሰዎች ሰው እያፈሱ ነበርና በሩ ሲንኳኳ ሊወስዱት የመጡ ይመስለዋል። በመጨረሻ በሌሊት ልብሱ መድረክ ላይ ቆሞ ሞዛርትን ይመራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀልድ የሚያወራ አንድም ሰው የለም። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ቅጂ ከሌለ እንደገና መጫወት ነው፤ እንደገና ለመጫወት ታዳሚ ያስፈልጋል፤ መሪው ከወደቀ ሌላ መሪ ይመጣል። ልክ የሆኑ እርምጃዎች ተደምረው እብደት ሲሆኑ ነው ሳቁ የሚፈነዳው፤ ከሥር ደግሞ «ቅጂው ባይደርስስ?» የሚል የሞት ፍርሃት አለ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ኃላፊውን ቂል አድርጎት ቢሆን ትዕይንቱ ወደ ተራ ቧልት ይወርድ ነበር፤ ተመልካቹ «ጅል ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚያስፈራውም የሚያስቀውም ሰውየው ብልህ መሆኑ ነው። በብዙ የአገራችን ኮሜዲዎች ባለሥልጣን ሲሣል ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ደደብ ነው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ መሥሪያ ቤቱን ነጻ ያወጣዋል፤ ችግሩ የእሱ ጭንቅላት ብቻ ይሆናልና።

ታሪኩ ከየት መጣ ካልን፣ ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ ማሪያ ዩዲና ሲነገር የኖረ፣ ወደ 1940ዎቹ የሚወስድ ወግ ነው፤ ፊልሙ ወደ 1953 አምጥቶታል። እውነትነቱ ያከራክራል። ሌላም ነፃነት ወስዷል። ቤሪያ በእውነተኛው ታሪክ የተያዘው በጁን 1953፣ የተገደለውም በዲሴምበር ነው፤ ፊልሙ ወራቱን ወደ ቀናት ጨምቆታል። ሞሎቶቭም በማርች 1953 መግቢያ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አልነበረም። እንዲህ ያለው ነፃነት ይፈቀዳል ወይ? ጊዜን መጨመቅ ይፈቀዳል። የማይፈቀደው ሰዎቹ የፈሩበትን ምክንያት መለወጥ ነው። ስታሊን በወደቀ ዕለት ጠባቂዎቹ ሳይጠሩ ወደ ክፍሉ ለመግባት ፈርተው ለሰዓታት መቆየታቸው፣ ከዚያ ሰባት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በጃንዋሪ በሐኪሞች ላይ የሴራ ክስ ታውጆ ስመ ጥር ዶክተሮች እስር ቤት መሆናቸው ታሪክ ነው። ፊልሙ ይህን አልነካም፤ ቀልዱን የሠራው በዚህ ላይ ነው። እንዲያውም እውነቱን የቀነሰበት ቦታ አለ። የማርሻል ዡኮቭ ደረት ላይ የተደረደሩት ሜዳሊያዎች በቁጥራቸው ልክ ቢደረጉ ተመልካች ማጋነን ይመስለዋል ተብሎ ከእውነተኛው አነስ ተደርገዋል።

አሁን ወደ አነጋገር እንምጣ፤ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ኢያኑቺ ተዋናዮቹን በውሸት የሩሲያ ዘዬ እንግሊዝኛ አላናገራቸውም። ስቲቭ ቡሼሚ ክሩሽቼቭን በአሜሪካዊ አነጋገሩ ተጫወተው። ዡኮቭ የሰሜን እንግሊዝ የዮርክሻየር ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ግር ይላል፣ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ይረሳል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ «ሩሲያውያን እንዲህ ናቸው» የሚለው ማምለጫ ይዘጋል።

አሁን ይህን ወደ አማርኛ ፊልም እናምጣው። ሙሰኛ የወረዳ ኃላፊ የሚጫወተው ተዋናይ የአንድ አካባቢ ዘዬ ተለጥፎለት ቢወጣ ምን ይሆናል? ጸሐፊው ያሰበው ስለ ጨረታ ነበር። አዳራሹ የሚሰማው ግን ስለ ብሔር ነው። አንዱ ወገን «እነሱ እንዲህ ናቸው» ብሎ ይስቃል፣ ሌላው «ተሰደብን» ብሎ ይቆጣል፣ ጨረታው ተረስቶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሚመጣው ቁጣ የሳንሱር ብቻ አይደለም፤ የተመልካችም ነው፣ ከፊሉም ትክክል ነው። የገጠር ሰው አማርኛ ሲሰባበርበት የሚሳቅበት ልማድም ከዚሁ ይመደባል፤ ስላቅ ተብሎ የሚጠራው ወደ ታች የሚወረወር ድንጋይ ነው። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ ተዋናዩ በራሱ አፍ ይናገር፣ የሹሙ ስምና የትውልድ ቦታ ፍንጭ አይስጥ፣ መለያው ዘዬው ሳይሆን የሚጠቀማቸው የቢሮ ቃላት ይሁኑ። «በአቅጣጫው መሠረት»፣ «ከመቼውም ጊዜ በላይ»፣ «በጥልቀት ገምግመናል»። ይህ አነጋገር ብሔር የለውም፤ ሁሉም ቢሮ ያውቀዋል።

በመልክ ላይ የተሠራ ስላቅ ጨርሶ አይሳካም ማለት ግን አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልም በኦክቶበር 1940 ሲያወጣ ከሂትለር ጋር የሚመሳሰልበትን ጢም ሆን ብሎ ተጠቅሞበታል፤ ሁለቱ የተወለዱትም በኤፕሪል 1889 በአራት ቀን ልዩነት ነው። ይሁንና ከጢሙ ይልቅ የሚታወሱት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ሞሶሎኒን የሚወክለው ናፓሎኒ ሊጎበኝ ሲመጣ ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ወንበሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንዱ ዘንጉን ስቦ ከጎረቤቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላውም ይከተላል፣ ወደ ጣሪያው ይጓዛሉ። ፊታቸው የአገር ጉዳይ የሚያወራ ሰው ፊት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት እጆቻቸው ናቸው። ለመቅረጽ ሁለት ወንበርና አንድ ክፍል ይበቃል። ይህ ፊልም ኒው ዮርክ ላይ ሲመረቅ አዲስ አበባ በዚያው በሞሶሎኒ ጦር እጅ እንደነበረች ሲታሰብ ደግሞ ወንበሮቹ ለእኛ ሌላ ክብደት አላቸው፤ ነፃ የወጣችው ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ነው።

ቻፕሊን ፊልሙን የሠራው በራሱ ገንዘብ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሆሊውድ ድርጅቶች የጀርመንን ገበያ ላለማጣት ይጠነቀቁ በነበረበት ዘመን ስክሪፕቱን አስተካክል የሚለው ባለገንዘብ አልነበረበትም። በኋላ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በማጎሪያ ካምፖቹ ይፈጸም የነበረውን ግፍ በትክክል አውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ይህን ሰዎች ብዙ ጊዜ ስላቅን ለማጣጣል ይጠቅሱታል። በበኩሌ የማነበው በሌላ መንገድ ነው፦ ሳቅ የሚሠራው ተጎጂው ገና የሚሸሽበት ቀዳዳ እያለ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ዓይነት ፊልም ያስፈልጋል።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1964 የወጣውን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»ን ሲሠራ የተነሣው ስለ ኑክሌር ጦርነት ከተጻፈ ጭልጥ ያለ ቁም ነገረኛ ልብ ወለድ ነው። ስክሪፕቱን ሲጽፍ እየተወ የሚያልፋቸው አስቂኝ ሐሳቦች እውነቱን የያዙት እነሱ እንደሆኑ ሲገባው ሙሉውን ወደ ኮሜዲ አዞረው። ከዚህ ፊልም ሁለት የእጅ ሥራዎችን ልጥቀስ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ የጦርነቱ አዳራሽ ትልቁ ጠረጴዛ አረንጓዴ የቁማር ጨርቅ ለብሶ ነበር፤ ተመልካች ቀለሙን አያየውም፣ ተዋናዮቹ ግን የዓለምን ዕጣ በካርታ እየተጫወቱበት መሆኑን እንዲሰማቸው ነው። ሌላው ስልኩ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሶቭየቱ መሪ ደውሎ «አንዱ ጀኔራሌ ትንሽ አበደና አውሮፕላኖች ላከባችሁ» ዓይነት ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ ያስረዳል። እኛ የምንሰማው አንዱን ወገን ብቻ ነው። የሌላውን መልስ ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፤ የሞላውም ማንም ጸሐፊ ከሚጽፈው ይበልጣል። ለአንድ ተዋናይ፣ ለአንድ ስልክና ለአንድ ካሜራ ብቻ በጀት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም።

ኩብሪክ የቆረጠውም ያስተምራል። መጨረሻው ላይ ጀኔራሎችና ዲፕሎማቶች ኬክ የሚወራወሩበት ትልቅ ትዕይንት ተቀርጾ ነበር፤ ሰዎቹ የሚጫወቱ ሕፃናት ስለመሰሉ ወጣ። ራሳቸውን አክብደው የሚያዩ ሰዎች ናቸው የሚያስቁት። ራሳቸው ሲስቁ ለተመልካቹ የሚተርፍ አይኖርም።

ፊልሙ የጊዜን ጉዳይም ያሳያል። የመጀመሪያው የሙከራ እይታ የተያዘው ለኖቬምበር 22 ቀን 1963 ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደለበት ዕለት። እይታው ተሰረዘ፣ ምረቃው ወደሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ተገፋ፣ ኬኔዲ የተገደለባትን ዳላስን የሚጠራው የአንድ ተዋናይ ንግግር ላይ የሌላ ከተማ ስም በድምፅ ተተካ። ፊልም ሲጻፍ፣ ገንዘብ ሲፈለግለት፣ ሲቀረጽና ሲታይ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ዛሬ ጠዋት የተሾመ ሰው ላይ ማታ ቲክቶክ ይሳለቅበታል። ስለዚህ በዜና ላይ የተመሠረተ ስክሪፕት ለፊልም አይሆንም፤ ሲወጣ ሹሙም ቀልዱም አርጅተዋል። በ2025 የወጣው «ማውንቴንሄድ» ፍጥነትን ሞክሯል፤ በማርች ተቀርጾ በሜይ መጨረሻ ታየ። ያስቻለው ምስጢር የለውም፦ አንድ የተራራ ቤት፣ አራት ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ከቤቱ ውጭ ያለው ዓለም ሲተራመስ የሚታየው በስልካቸው ስክሪን ብቻ። ከእኛ ፕሮዲውሰሮች አቅም በላይ የሆነ አደረጃጀት አይደለም።

ሰው ላይ ብቻ ማነጣጠር የት እንደሚያደርስ «ዘ ኢንተርቪው» ያሳያል። ፊልሙ በሥልጣን ላይ ያለውን የሰሜን ኮሪያ መሪ በስሙ ጠርቶ የሚገደልበትን ታሪክ ይዞ በ2014 መጨረሻ ሲመጣ የሶኒ ኮምፒውተሮች ተጠለፉ፣ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ሰሜን ኮሪያን ተጠያቂ አደረገ፣ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አናሳይም አሉ። ፊልሙ በጥቂት ገለልተኛ ሲኒማዎችና በኢንተርኔት ወጣ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ጠለፋውን ነው፤ ከፊልሙ ውስጥ ስለ ሰሜን ኮሪያ አንድ አዲስ ነገር የያዘ ትዕይንት ጥቀስ ቢባል ግን ይቸገራል። ሌላው የተለመደ ውድቀት ስብከት ነው። «ዶንት ሉክ አፕ» በ2021 ጥሩ ሐሳብ ይዞ ተነሥቶ ገጸ ባሕርያቱ ጸሐፊው የሚያምንበትን በቀጥታ ሲጮኹ ጉልበቱ ሳሳ። ስለ ቻፕሊን መዝጊያ ንግግርም እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ ተዋናዩ ጢሙን እንዳደረገ ገጸ ባሕርይውን ጥሎ በራሱ ልብ ይናገራል። በ1940 ይቅር ይባላል። እንደ አርአያ ግን ባይወሰድ ይሻላል።

አፍሪካ ውስጥ ከዚህ ዘርፍ የማስቀድመው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1975 የሠራውን «ኻላ» ነው። ጥቁር ነጋዴዎች የንግድ ምክር ቤቱን ከፈረንሳዮች ይረከባሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ነጮቹ ይወጣሉ። ትንሽ ቆይተው ነጮቹ ቦርሳ ይዘው ይመለሳሉ፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቦርሳ። ውስጡ ብር ነው። ምንም ንግግር አያስፈልግም። ዋናው ገጸ ባሕርይ መርሴዲሱን የሚያሳጥበው ከፈረንሳይ በመጣ የታሸገ ኤቪያን ውሃ ነው፤ በዚህ አንድ ምስል የነጻነት ማግስት የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ ሁሉ ተጠቃሏል። ሜክሲኮ ውስጥም በ1999 «የሄሮድስ ሕግ» የተባለ ፊልም ገዢውን ፓርቲ በስሙ ጠርቶ ተሳለቀ፤ የቆሻሻ መጣያ ጠባቂ የነበረ የፓርቲ አባል የአንዲት መንደር ከንቲባ ይደረግና አስተዳደር ሲቸግረው ከበላይ የሚሰጡት ሁለት ዕቃ ነው፦ የሕገ መንግሥቱ መጽሐፍና ሽጉጥ። ፊልሙን ለማዘግየት የተደረገው ሙከራ ማስታወቂያ ሆነለት። ፓርቲው በሚቀጥለው ዓመት ከ71 ዓመት በኋላ ከሥልጣን ወረደ፤ በፊልሙ ምክንያት ነው የሚል ካለ ግን አትመኑት።

ይህን ሁሉ ይዘን አንድ የአገር ቤት ትዕይንት በሁለት መንገድ እንሥራ። ወረዳው ያስቆፈረው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሊመረቅ ነው። እንግዳው ከዞን ይመጣል። ቦኖው ተገንብቷል፣ ሪባን ታስሯል፣ ውሃ ግን የለም፤ ፓምፑ አልመጣም። ከጀርባ ቦቴ ቆሞ በጎማ ከቦኖው ጋር እንዲያያዝ ይወሰናል። በመጀመሪያው መንገድ እንግዳው ቦርጫም ነው፣ ይደናቀፋል፣ ቧንቧው ፊቱ ላይ ይረጫል። ሠላሳ ሴኮንድ ሳቅ። ከዚያ የሚቀጥል ነገር የለም።

በሁለተኛው መንገድ ሁሉም ሰው ምክንያት አለው። ተቋራጩ የርክክቡ ወረቀት ካልተፈረመ የመጨረሻ ክፍያው አይለቀቅለትም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ባለፈው ሩብ ዓመት «መቶ ፐርሰንት ተጠናቋል» ብሎ ሪፖርት ልኳል። የቦቴው ሾፌር የሚያስጨንቀው የነዳጁን ደረሰኝ ማን እንደሚፈርምለት ነው። ሽማግሌው ሁሉን ያውቃሉ፤ እንግዳው ከመጣ ስለ መንገዱ ሊጠይቁት ስላሰቡ ዝም ብለዋል። እንግዳውም ያውቃል፤ እሱም የሚያቀርበው ሪፖርት አለው። የሚታለል ሰው የለም፤ ግን ማንም ማቆም አይችልም። የቀልዱ ሞተር የሚነሣው ቧንቧው ከንግግሩ በፊት ሲከፈት ነው። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ቦቴው 10,000 ሊትር ቢይዝ፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን 500 ነው። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ቦቴው ይጎድላል። ኃላፊው አጨብጭቦ ንግግሩን ሊያሳጥር ይሞክራል፤ እንግዳው ጭብጨባውን እንደ ድጋፍ ወስዶ ያስረዝመዋል። ሴቶቹ ደግሞ ነገሩ ስለገባቸው እንስራ ሳይቀር ከቤት ያስመጣሉ። እዚህ ከሁሉም ብልጥ እነሱ ናቸው፤ ሳቁ በእነሱ ላይ ሳይሆን ከእነሱ ጋር ነው። ጎማው አንድም ጊዜ ለብቻው በቅርብ አይቀረጽ። ከእንግዳው ትከሻ ጀርባ ሁልጊዜ ይታይ፤ ተመልካቹ ራሱ ያግኘው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። በተግባር ግን ፊልም ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ለባህል ቢሮ ቀርቦ ታይቶ ፈቃድ ማግኘት የቆየ አሠራር ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለኪነ ጥበብ ሥራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ዘዬና ብሔር ላይ ያልቆመ ስክሪፕት በዚህም በኩል ይጠቅማል። እንስሳትን ተገን ማድረግ እንደ መከላከያ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ታሪካችን ሌላ ይላል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በአውሬዎች አፍ የመኳንንቱን ሙስና ስለነካ ታግዷል። ደራሲው ቆይተው የ1931ን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው መሆናቸው ለብቻው ፊልም ይወጣዋል።

ዛሬ ከፈቃዱም በላይ የሚያስቸግረው ቁርጥራጩ ነው። አንድ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ከወጣ በማግስቱ የሹሙ ንግግር አንድ ደቂቃ ተቆርጦ፣ ርዕስ ተለጥፎበት፣ እንደ እውነተኛ ንግግር ይዞራል። ተዋናዩ በደንብ ከተጫወተውማ ይብስ። የምጸቱን ምልክት ቀጣዩ ትዕይንት ላይ ያስቀመጠ ዳይሬክተር ተቆራጩ ላይ ምንም መከላከያ የለውም። ምልክቱ እዚያው ፍሬም ውስጥ መግባት አለበት። ሹሙ ሲናገር ለብቻው በቅርብ ከመቅረጽ ይልቅ ቃለ ጉባኤ ያዡን ከጎኑ አስቀምጦ ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ ይሻላል፤ «በሙሉ ድምፅ» ሲባል እስክሪብቶው ገና ማንም እጁን ሳያወጣ ሲጽፍ ይታያል፤ ያንን ቆርጦ ማውጣት አይቻልም።